ስፔሻሊስቱና በሽተኛዋ መኪና

ሰውየው ፋርማሲስት ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ በዳቦ ቤቱና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሸጎጠችው ጠባብ ፋርማሲ የእሱ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ መድኃኒት ሲሸጥና ሰው ሲቆጣ ኖሯል። «ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ያንን ቢጫውን ክኒን ስጠኝ» ብሎ የገባ ሁሉ ክኒኑን ሳይሆን ቁጣውን ይዞ ይወጣል።

«ቢጫው እንደሚሻልህ ማን ነገረህ?»

«ጎረቤቴ።»

«ጎረቤትህ ሕክምና የተማረው መቼ ነው? ሂድ፣ ተመርመርና ና!»

ሰዎች እያጉረመረሙ ቢወጡም ያከብሩታል። የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ሐኪም የጻፈው ራሱ ካልጣመው ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። በዚህ በኩል እንከን አይወጣለትም። ጉዱ የሚጀምረው ነጩን ጋዋን አውልቆ ግቢው ሲገባ ነው።

ግቢው ውስጥ መኪና አለችው። ዕድሜዋ ከትዳሩ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል። ቀለሟ ሰማያዊ እንደሆነ ወረቀቷ ላይ ተጽፏል፤ የሚያያት ሰው ግን ለመማል ያመነታል። የግራ የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። መካኒክ የነካት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያኔ መካኒኩ አንዲት ቡሎን አጥብቆ፣ እጁን ጠራርጎ «ጨርሻለሁ» ሲለው ፋርማሲስቱ ተናደደ። «ይቺን ይቺንማ እኔም አላጣት!» አለና በማግስቱ ካቻቢቴና ፒንሳ ገዝቶ ሐኪሟ ሆነ።

ደግሞ ጋራዥ የራቀው ሰው ቢሆን ምንም አይደል። ጋራዡ ከአጥሩ ማዶ ነው። ባለቤቱ አጭር፣ ድፍን ያሉ፣ ጭንቅላታቸው ክብ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቡሎን ይላቸዋል። ሚስታቸው የመለዋወጫ ዕቃውን ክፍል ይዘው ከባላቸው ጎን ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፤ እሳቸውን ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከፋርማሲስቱ ግቢ የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ጋሽ ቡሎን አሮጌ ጎማ ላይ ወጥተው ክብ ጭንቅላታቸውን ከአጥሩ በላይ ብቅ ያደርጉ ነበር።

«ጎረቤቴ፣ ልይልህ እንዴ?»

«አይ ጋሽዬ፣ አይድከሙ፤ አግኝቼዋለሁ!»

«አገኘኸው?»

«አግኝቼዋለሁ።»

ጋሽ ቡሎን ትንሽ ቆመው ያዩትና «መልካም» ብለው ይወርዳሉ። ይህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ቀጠለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፋርማሲስቱ ያላገኘው በሽታ የለም፤ አንዱም ግን የመኪናዋ በሽታ ሆኖ አልተገኘም። የጋራዡ ሰዎች ስም ሊያወጡለት ብዙ አልተቸገሩም፤ ስፔሻሊስቱ አሉት። ስሙ አጥር ተሻግሮ ጆሮው ሲደርስ ደስ አለው። የአድናቆት መስሎት ነበር።

የሚጠግናት በሙያው በሚያውቀው ነገር ነው። የራዲያተሩ ጎማ ሲሰነጠቅ ለተሰበረ እግር የሚሆን ጀሶ ነክሮ ጠቀለለበት። የቤንዚን ቱቦው ሲያረጅ በግሉኮስ ቱቦ ተካው፤ እሱ በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቀ እንጨት ሲገተር ሌላ አዲስ አመጣ። መስታወት ማጠቢያው ውስጥ አልኮል ስለጨመረ፣ ጠራጊው በሠራ ቁጥር ተሳፋሪዎቹ ዓይናቸውን እያሹ መርፌ ሊወጉ የተሰለፉ ይመስላሉ።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ትዕግሥተኛ ሴት ነች፤ ግን ትዕግሥትም ልክ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት አፏን ይዛ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ የጥርስ ብሩሼን ምን አድርገኸዋል?»

«ካርቡሬተሩን በጥቂቱ... ግን አጥቤዋለሁ እኮ።»

«በምን?»

«በቤንዚን ነዋ! ከቤንዚን በላይ ምን ያጸዳል?»

ያን ቀን ሥራ ቦታዋ አፏን በመሐረብ ሸፍና ዋለች። ርእሰ መምህሩ ጥርሷን ያመማት መስሏቸው ፈቃድ ሰጧት።

ካርቡሬተሩ የተፈታው በከንቱ አልነበረም። መኪናዋ አዲስ አመል አምጥታለች። ጠዋት ስትነሣ እንደ ልጅ ፈጣን ናት፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል በሰላም ትሄድና በድንገት ታስላለች፣ ትንዘፈዘፋለች፣ ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች። ፋርማሲስቱ ደብተር ገዛና እንደ ሕመምተኛ ይከታተላት ጀመር። «ሰኞ፦ ከዐሥራ አንድ ደቂቃ ጉዞ በኋላ ራሷን ሳተች። ማክሰኞ፦ ጠዋት ደህና ነበረች፣ ከሰዓት በኋላ አገረሸባት።» ካንዴላዎቹን በሙሉ ለወጠ። ባትሪውን ለወጠ። ስልኩ ላይ አንድ የባዕድ አገር ሰው፣ ወለሉ ከፋርማሲው ወለል በሚያበራ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሞተር ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘ፤ ሰውየው የሚናገረው ቋንቋ ባይገባውም እጁን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ አይቶ የተስማሙ መሰለው። በመጨረሻ የቤንዚን ፓምፑን ለወጠና ሰፈሩን በአምስት ደቂቃ ዞሮ ተመለሰ።

«አለቀ!» አላት ለሚስቱ።

«አምስት ደቂቃ አይደለም እንዴ የነዳሃት? የምትቆመው በዐሥር አይደለም?»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ መጥፎውን ነው የምታዪው።»

በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ቡሎን ጋራዡ በር ላይ ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ አረፉ። ሠራተኞቹ ያንቀላፉ መስሏቸው ድምፅ እንኳ ቀንሰው ሲሠሩ ነበር። ፋርማሲስቱ ሲሰማ ፋርማሲውን ሳይቆልፍ ሮጠ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስንት ዓመት በእጁ ሰጥቷቸዋል። ሐሰት የሌለበት ልቅሶ አለቀሰ፤ ይህን ማንም አይነሣውም።

ግን ልቅሶው ላይ ክፉ ሐሳብ መጣለት። ከቀብሩ ቀን ዋዜማ፣ ሰው ስለ መኪና ሲነጋገር ብድግ ብሎ፦

«እትዬን የምወስድ እኔ ነኝ» አለ።

መካኒኮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ረጅሙ ኤሌክትሪሺያን ጉሮሮውን ጠርጎ፦

«ጌታዬ፣ እርስዎ እንኳን አይድከሙ፤ ፒካፖቹ አሉ...» አለ።

«የቅርብ ጎረቤታቸው ማን ነው? ዘጠኝ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን ሰዎች ነን! እትዬ ፒካፕ ላይ ይንጠላጠሉ?»

እትዬ ከጥግ ቀና ብለው «እሺ ይሁን፣ ከጎረቤቴ ጋር እሄዳለሁ» አሉ። ሐዘንተኛ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ማን እንደሚወስዳቸው ግድ አልነበራቸውም። የፋርማሲስቱ ሚስት ባሏን እጅጌውን ጎትታ በሹክሹክታ «ታክሲ እንጥራ፣ በናትህ» ብትለው ዓይኑን አፈጠጠባት።

በቀብሩ ጠዋት ሰልፉ ተዘጋጀ። የአስከሬኑ መኪና ፊት ሊሆን ሲል ፋርማሲስቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ተከተሉኝ፣ አቋራጭ አውቃለሁ!» አለ። መካኒኮቹ ሊከለክሉት አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ሄዷል። እትዬ ከኋላ፣ ሚስቱ ከፊት፣ ከነሱ ኋላ የአስከሬኑ መኪና፣ ከዚያ መካኒክ የጫኑ ሦስት ፒካፖች። መካኒክ በሙሉ ልብስ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ሁሉም አንገታቸውን የሰው እጅ የያዛቸው ይመስሉ ነበር።

አቋራጩ በሁለት ረጃጅም የግንብ አጥሮች መካከል የምታልፍ፣ ከአንድ መኪና በላይ የማታሳልፍ መንገድ ናት። መኪናዋ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች። ፋርማሲስቱ በመስታወት እትዬን እያየ «አዩ፣ ፓምፑ ነበር ችግሯ» ሊል ሲል፣ ልክ መንገዱ መሐል ላይ፣ መኪናዋ አሳለች። ተንዘፈዘፈች። ቀጥ አለች።

ከኋላ የአስከሬኑ መኪና ፍሬኑን ሲይዝ ሣጥኑ ከነአበባው ጓ አለ።

«ምንም አይደለም፣ ሙቀት ነው» አለ ፋርማሲስቱ እየወረደ። «ሠላሳ ደቂቃ ብናሳርፋት ራሷ ትነሣለች።»

«ጋሼን ሠላሳ ደቂቃ እዚህ ገትረን?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከፒካፑ ዘሎ ወርዶ። ከፊት መውጣት፣ ከኋላ መመለስ አይቻልም፤ ለመግፋት ደግሞ መንገዱ ዳገት ነው። ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ የመካኒኮቹ ዓይን ውስጥ ደግሞ ከሐዘኑ ሥር አንድ የቆየ ጉጉት ብልጭ አለ። ዘጠኝ ዓመት ከአጥር ማዶ ድምፁን ሲሰሙት የኖሩት ኮፈን ይኸው ፊታቸው ቆሟል። ኮታቸውን እያወለቁ ፒካፖቹ ላይ ደረደሩ፤ እጅጌ ሰበሰቡ።

«አትንኩ! እኔ አውቃታለሁ!» ቢል ማን ሰምቶት። ኮፈኑ ተከፈተ።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከዚያ የራዲያተር ሠራተኛው ቀስ ብሎ ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

«ጀሶ ነው።»

«ተሰብራ ነበር?»

ከኋላ ያለው አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲሞክር አፍንጫው ከዳው። «ኧረ ተው፣ ቀብር ላይ ነን» አለው ሌላው፣ እሱም ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። «ግሉኮስ ላይ ናት እኮ!» አለ ሦስተኛው ቱቦውን አይቶ፣ ከዚያ ወዲያ ሰልፉ የቀብር መሆኑን የሚያስታውስ ጠፋ።

መሳቁን ጨርሰው ሥራ ሲጀምሩ ግን መካኒኮቹም ከስፔሻሊስቱ የተሻሉ አልሆኑም። ኤሌክትሪሺያኑ «ኮይሉ ሞቷል» አለ። የራዲያተር ሠራተኛው «ውሃ ነው፣ ውሃ አንሷት ነው» አለ። ሌላው «ካርቡሬተሩን በምንድን ነው ያጸዳኸው?» ብሎ ጠየቀ፤ የፋርማሲስቱ ሚስት ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ጎሚስታው እንኳ በከንቱ ላለመቆም አራቱን ጎማ በተራ በተራ ረገጠ። ሁሉም የየሙያውን በሽታ አገኘባት። «ያዝ!»፣ «ልቀቅ!»፣ «እኔ ልየው እንጂ!» ተባባሉ፤ ሁለቱ ስለ ኮይሉ ሲከራከሩ አንደኛው «ጋሼ ይሙቱ!» ብሎ ማለና ያለውን ሲያስታውስ አፉን በጥቁር እጁ ያዘ። አፉ ዙሪያ የአምስት ጣት ምልክት ወጣለት፤ እንደዚያው ሆኖ ቀብሩን ጨረሰ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ አለፈ።

እትዬ እስከዚያ ድረስ ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። በሩን ቢገፉት አልከፈት አላቸው፤ የፋርማሲስቱ ሚስት በውጭ በኩል ዞራ ከፈተችላቸው። ጥቁራቸውን ሰብስበው ወረዱና ወደ ባላቸው ሣጥን ሊሄዱ በመኪናዋ ጎን አለፉ። ከኋላው ጎማ በላይ፣ ቤንዚን በሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቀዳዳው በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ልክ እንደ ቆሰለ ጉልበት።

ጎንበስ ብለው ፕላስተሩን ይልጡ ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ከሥሩ የቫይታሚን ዕቃ ክዳን ተገኘ። ከክዳኑ ሥር ደግሞ የተወጠረ የሐኪም ጓንት። ጓንቱ ወደ ውስጥ ተስቦ ጎድጉዷል። ጫፉን ይዘው ሳብ አደረጉት።

ፍሽሽሽሽሽ...

መኪናዋ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ኮፈኑ ሥር የነበረው ክርክር ሁሉ ቀጥ አለ። ዐሥራ አራት መካኒክ አንገቱን አቃንቶ ወደ ኋላ ዞረ።

«ና እስቲ ወዲህ» አሉ እትዬ።

ፋርማሲስቱ ሄደ።

«ይሄን ለምንድን ነው ያሸግኸው?»

«ክዳኑን ማደያ ረሳሁት እትዬ። ቤንዚኑ እንዳይሸት ብዬ... ሽታ አይወጣም፣ ይኸው ያዩታል፣ ጠብታ አይወጣም።»

«አየርስ በየት ይገባል?»

«የምን አየር?»

እትዬ ትክ ብለው አዩት።

«እኔ ጠዋት ጠዋት ሆዴ ላይ የምወጋው ምንድን ነው?»

«ኢንሱሊን።»

«ከብልቃጡ እንዴት እንደሚቀዳ ማን ነው ያስተማረኝ?»

«እኔ።»

«ምን ብለህ?»

ፋርማሲስቱ ጓንቱን አየ። ጆሮው ከጫፉ ጀምሮ መቅላት ጀምሯል።

«‹መጀመሪያ በመርፌው አየር ወደ ብልቃጡ ያስገቡ እትዬ፣ ያለዚያ መድኃኒቱ ተስቦ አይወጣልዎትም› ብለህ ሁለት ጊዜ አልተቆጣኸኝም? ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

«ታዲያ ቤንዚኑ በየት ይሳብልህ? ዐሥር ደቂቃ ትስባለች፣ አየር ያልቅባታል፣ ትቆማለች። ስትቆም በፕላስተሩ ስንጥቅ ቀስ በቀስ ትተነፍሳለች፣ ትነሣለች።» ጓንቱን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ወደ መካኒኮቹ ዞሩ። «እናንተስ? ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከአንድ ኮፈን ሥር ስትጋፉ ዞር ብሎ ኋላዋን ያየ አንድ ሰው ይጥፋ? ሰውዬው እኮ እዚህ ተኝቶ እየሰማችሁ ነው!»

ዐሥራ አራቱም መሬት መሬት አዩ። ኤሌክትሪሺያኑ የነቀላቸውን ሁለት ሽቦዎች ቶሎ ቶሎ መለሰ።

«በል አስነሣት» አሉ እትዬ።

ሁለት ጊዜ አንቋረረች፤ ሦስተኛው ላይ ተነሣች። የቤንዚኑን አፍ በእትዬ መሐረብ ላላ አድርገው ሸፈኑና ሄዱ። በዐሥራ አምስት ደቂቃ መቃብሩ ቦታ ደረሱ፤ ቆፋሪዎቹ ቀብሩ የቀረ መስሏቸው አካፋቸውን ሰብስበው ነበር።

ሣጥኑን ለመሸከም ፋርማሲስቱም ትከሻውን ሰጠ። አፈሩ ሲመለስ ከሁሉም ይልቅ እሱ ነው የተንሰቀሰቀው። አንድ ሰው ዘጠኝ ዓመት አሮጌ ጎማ ላይ እየወጣ ልይልህ ሲለው አንድ ቀን እንኳ «ይግቡ» አላለም። ሲመለሱ ይህን ለሚስቱ ነገራት።

«አንድ ቀን ቢያዩዋት ኖሮ...» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«አንድ ቀን ቢያዩዋት ኖሮ፣ አንተ ቅዳሜን በምን ታሳልፈው ነበር?» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ በማግስቱ ግን አዲስ የጥርስ ብሩሽ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መዞር ጀመረች።

እትዬ ጋራዡን አልዘጉም። ዕቃ ክፍሉን ለሌላ ሰጥተው በባላቸው ወንበር ተቀመጡ። በሦስተኛው ሳምንት ፋርማሲስቱ መኪናዋን እየነዳ በጋራዡ በር ገባ። በአጥሩና በበሩ መካከል ያለው መንገድ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ ለመምጣት የወሰደበት ግን እነሆ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ነው። ደብተሩን በብብቱ ይዟል።

«ታሪኳ ሁሉ እዚህ አለ እትዬ። እኔ እንደማስበው በመጀመሪያ መታየት ያለበት...»

«እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥ» አሉት።

ተቀመጠ። መካኒኮቹ ሁለት ቀን ሙሉ ጀሶ ሲፈነክቱ፣ ፕላስተር ሲልጡ፣ ፋሻ ሲፈቱ ከረሙ። በየመሐሉ አንዱ ከደብተሩ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ «ሐሙስ፦ ሕመምተኛዋ ሌሊቱን በሰላም አሳልፋለች» ሲል ሥራ ይቆማል። ፋርማሲስቱ አግዳሚው ላይ ሆኖ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በየዐሥር ደቂቃው ብድግ እያለ «እሷን እንኳ ባትነኳት፣ እሷ ትሠራለች» ይላል፤ «ተቀመጥ» ይሉታል እትዬ ቀና ሳይሉ።

መኪናዋ ታድሳ ስትወጣ ሁሉም ነገሯ በቦታው ነው፤ አዲስ ክዳንም ተገዝቶላታል። አንድ ተጨማሪ ነገር ነበራት። ኮፈኗ ላይ፣ ከመብራቶቿ መካከል፣ የሻንጣ ቁልፍ የሚያህል ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«መክፈቻው?» አለ ፋርማሲስቱ።

«እኔ ዘንድ ነው» አሉ እትዬ። «ትነዳታለህ። ቤንዚን ትሞላታለህ። ታጥባታለህ። ሌላ ነገር ካሰኘህ አንኳኳ።»

ሁለት ሳምንት አኮረፈ። መኪናዋ ግን አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳታስል ሄደች፤ ኩርፊያውም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ዛሬ ፋርማሲው ሄዳችሁ ስለ መኪናዋ ብትጠይቁት መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ለስለስ ባለ የባለሙያ ድምፅ ይነግራችኋል፦

«ጎረቤቶቼ ትንሽ ረዱኝ። መሠረቱን የጣልኩት ግን እኔ ነኝ።»